ማር የቀመሰው ሽማግሌ

ቦንጋ እንግሊዝኛ ሳስተምር «አዳማንትሊ» የምትባል ቃል ጉድ ሠራችኝ። ሰሌዳ ላይ ጻፍኳትና ወይ ፍንክች ማለት ነው አልኩ። ተማሪዎቹ አፍጥጠው አዩኝ። ሽማግሌ የተላከበት ቤት ገብቶ፣ እሺ ካልተባልኩ እህል አልቀምስም ሲል እንደዚያ ነው ብዬ ሳስረዳ ሳቁ፤ ገባቸው። ከፊት የምትቀመጠው ጎበዟ ልጅ ምሳሌዬን ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህችው ልጅ ቀረች። ለካ አባቷ ማንኪራ፣ መንደራቸው፣ ለቡና ለቀማ አስቀርተዋታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ደግሞ አርብ ይዘጋል፤ ካለፋት ዓመቷ ገደል ገባ። እኔ ሠላሳ እንኳ ያልሞላኝ ሰው ራሴን ሽማግሌ አድርጌ ሾምኩና፣ ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ጭቃውን እያቦካሁ ሄድኩ። ያዋረደኝ ቁርስ አለመብላቴ ነው።

አባትየው በክብር ተቀበሉኝ። እናትየዋ ትኩስ ቆጮ ከነማሩ አቀረቡልኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ልጅቷ ትመለስ ካልተባልኩ አልቀምስም አልኩ። አባትየው እንግዳ ከቤቴ ጦሙን አይወጣም፣ ልጅቷም ለቀማው ሳያልቅ ንቅንቅ አትልም አሉ። እኔ አልበላም፣ እሳቸው በሞቴ ይብሉ፤ እንዲህ ስንባባል እኩለ ቀን ሆነ። ሆዴ ከሁለታችንም በላይ ይጮኻል።

ማሩ ከሳህኑ ጠርዝ ወርዶ ጣቴን ነካው። ላስኩት። ምን ነካኝ! ከዚያ በኋላ እጄ ቆጮውን ሲያነሳ እኔን አላማከረኝም።

አባትየው ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ቀመሱ፣ መምህር» አሉ፤ ነገሩ አለቀ ማለታቸው ነው። አፈርኩ። 

ይሄኔ እናትየዋ ጥግ ተቀምጣ ስትሰማን ለቆየችው ልጅ ድርሻዋን አቀበሏት። ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው።

«እኔ ግን አልቀመስኩም» አለች። «ከትናንት ጀምሮ።»

እናትየዋ ደነገጡ፤ ጓሮ እበላለሁ እያለች ምግቧን ለውሻው ስትሰጥ እንደነበር የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ ድምፅዋን አላነሳችም፤ ዓይኗንም ከአባቷ ላይ አልነቀለችም። አባትየው ተነሥተው ወደ ልጅቷ ቀረቡ። ከዚያ ከሳህኗ ቆርሰው በእጃቸው ዘረጉላት።

«አርብ ትሄጃለሽ። አሁን ጉረሺ» አሉ።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ገብቼ እንዴት እንዳሳመንኳቸው በዝርዝር አወራሁ። የማሩን ነገር ዘለልኩት።

አርብ ልጅቷ መጥታ ተመዘገበች። በር ላይ ስንገናኝ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝና፣ በጣም በትሕትና ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ ቁርስ በልተዋል?»