ይቅርታና አሰላለፍ

መጀመሪያ የሰውየውን እግር በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ከዚያ በደረቅ። ላብ ያለበት ቆዳ ላይ ፕላስተር አይይዝም። የሰውየውን ተረከዝ ጉልበቱ ላይ ያሳርፍና ጣቶቹን ወደ ላይ ገፋ ያደርጋል፣ እግሩ ከቅልጥሙ ጋር እንደ ግድግዳና ወለል ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሠራ። አንድ ዙር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ። ቀጥሎ ከውስጥ በኩል ጀምሮ፣ በተረከዙ ሥር አሳልፎ ወደ ውጭ ሳብ፣ ጫን። የሚቀጥለው የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍናል። ተረከዙን ከኋላ በሰያፍ ይቆልፈውና ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳምጦ ያለሰልሰዋል። በመጨረሻ የእግሩን ጥፍር ጫን ለቀቅ አድርጎ ደም መመለሱን ያያል።

"ቁም እስኪ።"

አርባ ምንጭ አጠገብ ላንቴ መንደር ውስጥ ሙዝ መኪና ላይ የሚጭነው ሰውዬ ተነሥቶ ረገጥ ረገጥ አደረገ። "አሰልጣኝ፣ እጅህ እኮ መድኃኒት ነው!"

"አሰልጣኝ አትበለኝ" አለ ዳልጮ፣ ጥቅሉን ኪሱ እየከተተ። "ወጌሻ በለኝ።"

ዳልጮ በአርባ ምንጩ ኩልፎ እግር ኳስ ክለብ ተከላካይ ነበር። ጉልበቱ እምቢ ሲለው የክለቡ ወጌሻ ሆነ። እያሸ፣ እያሰረ፣ በጎን ኮርስ እየወሰደ የአሰልጣኝነት ላይሰንሱን አወጣና ምክትል አሰልጣኝነት ደረሰ። ዋና አሰልጣኞች በሻንጣ መጥተው በሻንጣ ሲሄዱ እሱ ይቀራል። ተጫዋች ሲኮራረፍ የሚያስታርቀው እሱ፣ የታመመውን የሚጠይቀው እሱ። ምክትል ሲሆኑ መወደድ ቀላል ነው፤ ማንንም ከአሰላለፍ አያወጡም።

ባለፈው ዓመት የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ዋናው ተሰናበተና ቦርዱ "አንተ ያዘው" አለው። ክለቡ ከፕሪምየር ሊጉ ላለመውረድ ሐዋሳ ላይ በሚደረገው የመጨረሻ ጨዋታ አቻ መውጣት ነበረበት። አቻ ብቻ።

የመጀመሪያ ውሳኔው ትክክል ነበር። አምበሉ ሽበሺ፣ የመሃል ተከላካይ፣ ሳያስፈቅድ ከልምምድ ጠፋ፤ ስልኩንም ዘጋ። ከሌላ ክለብ ጋር ሊነጋገር ሄዶ ኖሯል። ሲመለስ ዳልጮ ተጫዋቾቹ ፊት "ሐዋሳ ላይ አትሰለፍም" አለው። በቦታው የጫኖ መንደሩን ልጅ ናትናኤልን ተከለ። ሳምንቱን ሙሉ የኋላ መስመሩ በናትናኤል ድምፅ ሲንቀሳቀስ ሰነበተ። "ውጣ!" ሲል አራቱም አብረው ይወጣሉ፤ አንድ ገመድ የጎተታቸው ይመስላሉ።

ቡድኑ ሊጓዝ ሲል ሽማግሌዎች ልምምድ ሜዳው በር ላይ ተንበርክከው ጠበቁት። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ጋሞ ውስጥ ይህን ሣር ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ጎሜ ነው፤ ነውሩ ከሰውየው አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል ይባላል።

"ልጄ ዳልጮ" አሉት ታላቁ፣ አቶ ኦይታ፣ "ሽበሺ አጥፍቷል። አጠፋሁ ብሎ አፉን ሞልቶ ነግሮናል። ይቅር በለው። ቂም ይዛችሁ መንገድ አትውጡ።"

"ተነሡ አባቶቼ፣ ኧረ በሞቴ ተነሡ!" ሣሩን ተቀበለ፤ ሽበሺን አቀፈው። ሁለቱም አለቀሱ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የመጣው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ይቅር ካልኩት ቦታውንም ልመልስለት ይገባል ብሎ አሰበ። አጠገቡ የተቀመጠችው ቲጂ፣ እሱን የተካችው ወጌሻ፣ ሐሳቡን ስትሰማ ዞር ብላ አየችው።

"ሳይለማመድ?"

"አባቶችን አንበርክኬ ታዲያ ምን ላድርግ?"

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል። ሆቴል ገብተው የናትናኤልን በር አላንኳኳም። ጠዋት አሰላለፉን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለቀቀው። ልጁ ቁርስ ላይ ስልኩን እንደያዘ መጣ።

"አሰልጣኝ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። አባቶች ስለለመኑኝ ነው።"

"እኔም አባቶች ላምጣ?"

አንዱ ተጫዋች ሳቀ። ዳልጮ "ሻይህ ይቀዘቅዛል፣ ጠጣ" ብቻ አለ።

ከዕረፍት በኋላም ዜሮ ለዜሮ ነበሩ። ሽበሺ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበትና ከመስመር ውጭ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ዋና አሰልጣኝ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ተጠባባቂ ወንበር ይዞራል። ናትናኤል ሰደርያውን አውልቆ ቆሞ ነበር። ዳልጮ ግን አልዞረም። ሽበሺን ቢያስወጣው ትናንት የታረቀውን የሚያፈርስ መሰለው። ፕላስተሩን ይዞ ሮጠ፤ ተንበረከከ፤ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ጀመረ።

"አሰልጣኝ፣ ልቀቀው!" ቲጂ ትከሻውን ያዘችው። "እኔ አስረዋለሁ፤ አንተ ሜዳውን እይ!"

"አንድ ዙር ብቻ ቀረኝ።"

ቡድኑ በዐሥር ሰው ነበር፤ የኋላው መሃል ባዶ። "ውጣ!" የሚል ድምፅ አልነበረም። ጎሉን በዓይኑ አላየውም፤ በጩኸቱ ነው ያወቀው። ቀና ሲል በረኛው ኳሱን ከመረብ እያወጣ ነው። ማሰሪያው እንከን አልነበረውም፤ ሽበሺ እስከ ፊሽካው ተጫወተበት። አንድ ለዜሮ። ኩልፎ ወረደ።

ቦርዱ በስልክ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ የጠራው ክለብ የለም፤ ምክትል ሁን ያለውም የለም። አንድ የገበያ ቀን አቶ ኦይታን አገኛቸው።

"አባቴ፣ የእናንተን ቃል ላከብር ብዬ ክለቡን አወረድኩት።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። "ልጄ፣ እኛ ይቅር በለው አልን እንጂ አሰልፈው መቼ አልን? ስለ ኳስ እኛ ምን እናውቃለን?"

ያን ዕለት ወደ ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም።

በማግስቱ ሣር አጭዶ ብቻውን ጫኖ ሄደ። የናትናኤል እናት፣ ወይዘሮ ልክነሽ፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ተቀበለችው።

"ወንድሜ፣ ለማን ነው የያዝከው? ልጁ እኮ የለም። ኳስ በቃኝ ብሎ ታኬታውን ለጎረቤት ሰጥቶ ወጣ።"

የት እንዳለ እሷም አታውቅም። አንዱ ሞያሌ ነው ይላል፤ ሌላው ፎቅ ሲሠራ አይቼዋለሁ ይላል። የድሮው ስልኩ አይሠራም። ዳልጮ ሣሩን ደጃፉ ላይ አኑሮ ሄደ። ዞር ሲል ፍየሏ እየበላችው ነበር።

አሁን ኳስ አያይም። ላንቴ ማንጎ ሥር ተቀምጦ የጫኞችን እግር ያስራል። ይህን ለምታነቡ ሰዎች አንድ መልእክት አለው፤ እንዳለው አስቀምጬዋለሁ።

"ናትናኤል ይባላል፤ ረጅም ነው፤ በግራ እግሩ ነው የሚመታው፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ካገኛችሁት፣ 'ዳልጮ ይቅር በለኝ ይላል' አትበሉት። ይቅርታማ እኔም ሰጥቼ አይቼዋለሁ፤ ለልጁ ምን ፈየደለት? 'ቦታው ያንተ ነበር' በሉት። እባካችሁ፣ ይህችን ብቻ ንገሩልኝ።"