በፈረንጅ ገና ከማሽን የገዛሁት ሥጋ

ባለቤቴ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ እህል የሚባል ነገር አስጠልቷት ነበር። ሾርባውን በማንኪያ ታማስል ታማስልና ማንኪያውን ታስቀምጠዋለች። ገንፎ ሳቀርብላት «ነገ» ትላለች። ቤት ድረስ እየመጣች የምትመዝናት ነርስ ባለፈው ስትሄድ በሩ ላይ ያዝ አድርጋኝ፣ እንዲህ መክሳቷን ከቀጠለች ወደ ሆስፒታል እንመልሳታለን አለችኝ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። ወደ ክፍሉ ስመለስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠበቀችኝ።

«እዚያ ቤት ዳግመኛ አልገባም» አለች። «ከምገባ እዚሁ ልሙት።»

እኔም እንደ ልማዴ በቀልድ ላልፈው ብዬ፣ «እዚህ ከሞትሽማ ቤቱን ያከራየን ካውንስል ሰፋህ ብሎ ያስወጣኛል» አልኳት። አልሳቀችም። ዕድሜዬን ሙሉ ቀልድ እንጂ ሌላ ሙያ የለኝም፤ እሱም ሥራ ሲፈታ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። የንስሐ አባታችን በስልክ፣ «ሕመምተኛ አይጾምም ልጄ፣ ያገኘሽውን ብዪ» ብለዋት ነበር። ስልኩን እንደዘጋች «ፈቀዱልኝ እንጂ አላዘዙኝም» አለችና እሱም በዚያው ቀረ።

የፈረንጆቹ ገና ዕለት ጠዋት፣ ትራሷን ሳስተካክል፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ሥጋ አማረኝ» አለች።

መስማቴን ተጠራጠርኩ። «ምን አማረኝ አልሽ?»

«ሥጋ። እሳት የነካው። ወፈር ያለ።»

ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጣ መርጣ! ለንደንን የሚያውቅ ያውቃል፤ በዚያን ቀን አውቶቡስ የለም፣ ባቡር የለም፣ ሱቁ ሁሉ ተከርችሟል። ኬንቲሽ ታውን ያለው የሐበሻ ሱቅ ብደውል አያነሳም፤ ቢያነሳስ ከምንኖርበት ከስቶክዌል እዚያ ድረስ በእግሬ ልሄድ ነው? ፍሪጃችን ውስጥ ያለው የኔ የጾም ምስር ብቻ ነው። አምሮቷ ደግሞ እስከ ነገ ይቆያል ብዬ የማምንበት አልነበረም። ልጃችን ራቅ ያለ ከተማ አራስ ናት፤ ደወልኩላት።

«አባዬ፣ ክላፋም፣ እናንተው አጠገብ ያለው ሥጋ ቤት ደጅ ላይ ማሽን አለ። ስቴክ ይሸጣል፤ ኦልዌይስ ክፍት ነው።»

«የምን ማሽን?»

«እንደ ለስላሳ ማሽን ነው አባዬ። በካርድ ፔይ ታደርጋለህ፣ ይሰጥሃል። ጀስት ሂድ።»

ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ በየመስኮቱ ግን ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ከማዕድ ላይ ነው። እንደዚያ ቀን ሽማግሌ ሆኜ አላውቅም።

ማሽኑ አንድ ግድግዳ ሙሉ ነው። ብዙ ትናንሽ የመስታወት በሮች አሉት፤ በየበሩ ጀርባ አንድ አንድ ሥጋ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ መብራት በርቶለት፣ ልክ ያለ ጊዜው እንደተወለደ ሕፃን ተኝቷል። እኔ እንግዲህ ሥጋ መምረጥ አውቃለሁ ባይ ነኝ። በጉብዝናዬ ሉካንዳ ስገባ፣ «ከሱ አይደለም፣ ከጎኑ፤ አገላብጠው እስቲ» እያልኩ ባለ ሥጋ ቤቱን ቢላዋውን እስኪጥል አሰለቸው ነበር። ጓደኞቼ ሥጋ የሚገዙት እኔን አስከትለው ነው። እና አሁን ማንን ልጨቅጭቅ? «አገላብጠው» የምለው የለ፤ ጨመር አድርግልኝ ብዬ የምለማመጠው የለ። ቀይ ሆኖ ጮማው በስሱ የገባበት አንድ ቁራጭ ዓይኔ ገባ። ቁጥሩን ነካሁና ካርዴን አስጠጋሁ። ማሽኑ እምቢ አለ። ደግሜ አስጠጋሁ። ለካ የያዝኩት ለሽማግሌ የሚሰጠውን የአውቶቡስ ካርድ ነው። በነጻ የምሳፈረው አነሰኝና በሬም በነጻ አማረኝ።

ትክክለኛውን ካርድ አውጥቼ አስጠጋሁ። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ልጄ እንደ ለስላሳ ማሽን ነው ስላለችኝ፣ ወገቤን ይዤ ጎንበስ አልኩና ሥጋው ከታች እስኪወድቅ መጠባበቅ ጀመርኩ። እጄን ሁሉ ዘርግቼለታለሁ። የሚወድቅ ነገር የለም። እንደገና ቀጭ አለ።

«ተከፍቶልህ ነበር እኮ፣ ፍቅሬ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ውሻ የያዙ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው። በዚህ አገር የማያውቅህ ሁሉ ፍቅሬ ይልሃል፤ የምታውቅህ ሚስትህ ደግሞ «አንተ ሰውዬ»። «በሩን ሳብ ማድረግ ነበረብህ። አሁን ተቆልፏል።»

«ከፍዬበታለሁ እኮ።»

«አይመለስም። እኔም አንዴ ቋሊማ ወስዶብኛል።»

መስታወቱን በጣቴ ቆረቆርኩ። የገዛሁት ሥጋ እዚያው ተኝቶ ያየኛል። አቤት የሚባልበት ሰው ቢኖር ተጣልቼም ለምኜም እወስደው ነበር፤ ማሽኑ ግን ስለገዛኸን እናመሰግናለን የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ዝም አለ። ያንኑ በር ደግሜ ብነካው ተሽጧል ይለኛል። ሌሎቹን በሮች ስቃኝ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ የቀረው ቋሊማና፣ አንድ ከነረጅም የጎን አጥንቱ የተቆረጠ፣ መጥረቢያ የሚያክል ሥጋ ነው። አንድ ማንኪያ ሾርባ ለማይወርድላት ሴት መጥረቢያ ገዛሁ። በዚህኛው ጊዜ ሴትዮዋ ራሳቸው በሩን ሳብ አድርገው ያዙልኝ።

ቤት ስደርስ ሌላው ጣጣ ጀመረ። እኔ ማድቤት የምገባው የተሠራውን ለማሞቅ ነው። የምድጃውን ግሪል እንኳ የት እንደሚበራ ከመኝታ ቤት እየጮኸች የነገረችኝ እሷ ናት። መጥበሻው ላይ ሳስቀምጠው አጥንቱ ተርፎ ወጣ፤ ግሪሉ ውስጥ ሳስገባው በሩ አልዘጋ አለ፤ ክፍቱን ተውኩት። ለልጄ መልሼ ደወልኩ።

«አባዬ፣ የሥጋ ቴርሞሜትር አለ?»

«የእናትሽ ነው ያለው።»

«ኦኬ፣ ተወው። ጨው አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ። ደግሞም ያደረግሁ ይመስለኛል።»

«ቅመሰዋ።»

«ጾም ነኝ እኮ።»

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ?»

ቀልዴን አልነበረም። ሥጋ የሚጠብስ፣ ግን መቅመስ የማይችል ወጥ ቤት ነኝ። ሽታው ደግሞ ማድቤቱን ሞላው። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ጎመንና ምስር የለመደ ሆዴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ልታገሠው ስሞክር ጮማው እሳቱ ላይ ተንጠባጠበ፣ ጭሱ ተነሣ፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው የእሳት ደወል ጮኸ። በፎጣ አራገብኩት። መስኮቱን ከፈትኩ። በፎጣው የሻይ ብርጭቆ ሰበርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣» ብላ ተጣራች፣ «እኔን ነው ወይስ ሥጋውን የምታቃጥለው?»

በስተመጨረሻ አወጣሁት። ከዳር አርሯል፤ መሐሉ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከአጥንቱ ፈልፍዬ፣ በጣም በትንንሹ ከትፌ፣ እንጀራ ላይ አድርጌ አቀረብኩላት። በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ሳህኑን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ያንተስ?»

«እኔ ምስር አለኝ። ቆይቼ እበላለሁ።»

«ብቻዬን አልበላም።»

«ጾም ነኝ። አንቺ ተፈቅዶልሻል።»

«ሆስፒታል እያንዳንዳችንን በየአልጋችን፣ ሳህን በሳህን ነበር የሚያበሉን» አለች። «የጎረቤቴን ፊት እያየሁ ብቻዬን አላምጥ ነበር። እህል የጠላሁት እዚያ ነው። ብላ፣ እበላለሁ።»

ምስሬን አምጥቼ ከሷ ጎን ልቀመጥ አልኳት። «ከአንድ ሳህን» አለች። ተቆጣኋት። ለመንኳት። አባን ልደውልላቸው አልኳት፤ ብደውል ስልካቸው አይነሳም፣ በዚህ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ይሁኑ እረፍት ላይ አላውቅም። ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትጠብቀኛለች፤ አንጓዋ ላይ ያለው አጥንት ወጥቶ ይታያል። እስከዚህ ዕድሜዬ ጾም ገድፌ አላውቅም ነበር፤ በዚህ የምኩራራ ሰው ነኝ፣ የሚሰማኝ ሁሉ ያውቃል። አሁን ለማን እንደምታዘዝ አጣሁ።

ትንሿን ቁራጭ በእንጀራ ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። እሷም ትንሿን አነሣች።

ጨው ሁለቴ ነስንሼ ኖሯል። ምላሴ ተኮማተረ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች፣ ታኝካለች፤ ጉሮሮዋን አያለሁ። ወረደ። ዓይኗን ገለጠችና የኔን እጅ አየች። ገባኝ። ሌላ ጠቀለልኩ፤ እሷም ሌላ አነሣች። እኔ ስቆም ትቆማለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ቀጠልን፤ ትልልቁ በኔ በኩል እየሄደ፣ ትንንሹ በሷ በኩል። መጣፈጡን ብናገር ኃጢአቴን ስለሚያብሰው ዝም ብል ይሻላል።

ከዚያ ደከማት። እጇን ሳህኑ ላይ አሳረፈችና «በቃኝ» አለች። የበላችውን ብሰበስበው አንድ መዳፍ አይሞላም። ነርሷ ስትመጣ ሚዛኑ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ይሁን አይሁን አላውቅም። የቀረውን ሁሉ የበላሁት እኔ ነኝ፤ ሆስፒታል የሚመልሱት ግን እኔን አይደለም።

ትራሷን ዝቅ ሳደርግላት ስልኩ ጮኸ። ልጃችን ናት።

«አባዬ፣ ማሚ በላች?»

«በላን።»

«በላን? አንተ ጾም አይደለህም እንዴ?»

«ነበርኩ» አልኳት።

ባለቤቴ ዓይኗ እንደተከደነ ነው፤ የተኛች መስሎኝ ነበር። «ነገስ ምን ልታበስል አስበሃል ብለሽ ጠይቂው» አለቻት።

ስልኩን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።