የሚስ ሂልዳን ሻማ ይዤ ወደ ሞዘል ዳር

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ወደ ጀርመን የሄድኩት ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ነው፤ ፍራንክፈርት ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሞላው፣ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ቤቱን ረግጬ አላውቅም ነበር። ሁለተኛው ሻንጣዬ ውስጥ በሁለት ጥንድ ካልሲ የጠቀለልኩት ቀይ ሻማ ነው።

ሻማው የሚስ ሂልዳ ነው። ሚስ ሂልዳ ዋይትሆል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን በላዩ በሚያልፍበት ሰፈር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ናቸው። በሳምንት አራት ቀን እየሄድኩ የማጥባቸው፣ የማበስልላቸውና የምጨቀጭቃቸው እኔ ነኝ። የተወለዱት ሞዘል የሚባል ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ የጀርመን መንደር ነው። አባታቸው ሰው በጀልባ የሚያሻግሩ ነበሩ። ሚስ ሂልዳ ገና በሃያ ዓመታቸው አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ወጡ፤ ለእናታቸው ቀብር ከተመለሱ ወዲህ አገራቸውን አላዩም።

"እዚያ ከደረስሽ ለእናቴ አብሪላት" አሉኝና ካርታ ሳሉልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመቃብሩ በር፣ በወንዙ በኩል ባለው አጥር ሥር የተደረደሩ ሊንደን የሚባሉ ዛፎች። ከሦስተኛው ዛፍ ሥር የኤክስ ምልክት አደረጉ። የእናታቸውን ስም አልጻፉም፤ እኔም ካርታው በቂ መሰለኝና አልጠየቅኩም።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ለሞተ ሰው ሻማ አብርቼ አላውቅም፣ ትክክል ነው ብዬም አላምንም። እሺ ያልኳቸው ዓይናቸውን አይቼ ነው። ለፓስተራችን ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ማክሰኞ ከሰዓት

ልጄ ሊዲያ ከሥራ ቀርታ ከሰፈራችን ከኖርዝላንድ እስከ ኤርፖርት ነዳችኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሻንጣዬ ክብደት ስትነዘንዘኝ ነበር። "ማም፣ ፓስፖርትሽን ቼክ አደረግሽ?" አለችኝ ሦስት ጊዜ። እኔ ደግሞ የምጨነቀው ለሻማው ነበር። ቺካጎ ላይ ፈታሹ ካልሲውን ፈትቶ ሻማውን አወጣ፣ አገላበጠው፣ እኔን አየኝ። "ለእናት ነው" አልኩት። ፈገግ ብሎ መልሶ ጠቀለለልኝ።

ከቺካጎ ስምንት ሰዓት ያህል በረርን። ጌታቸው ፍራንክፈርት ላይ አበባ ይዞ ጠበቀኝ። ፀጉሩ ሸሽቷል። እኔንም አፍጥጦ ሲያየኝ የሚያስበው ገብቶኝ፣ "አንተም አርጅተሃል" ብዬ ቀደምኩት። ሁለት ቀን በልተን፣ ስቀን፣ የልጅነታችንን ጠብ ሁሉ አንድ በአንድ አነሳን።

ዓርብ ጠዋት

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ባቡር ተሳፈርን። ኮብሌንዝ የምትባል ከተማ ላይ ወርደን ሌላ ያዝን፣ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ። ወንዙ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይመጣል። አረንጓዴ ነው፣ አይቸኩልም። ከሁለቱም ወገን ቀጥ ያለ ተራራ አለ፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ወይን ተተክሎበታል። ሰዎች ጀርባቸው ላይ ቅርጫት አዝለው በዚያ ገደል ላይ ወይን ይለቅማሉ። ይህ ወይን ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ እንዳለ ጌታቸው ነገረኝ። እኔ የማስበው የለቃሚዎቹን ጉልበት ነበር።

መንደሯ ሁለት መንገድ ብቻ ናት፤ አንዱ በወንዙ ዳር፣ አንዱ ከላይ። የቤቶቹ ጣሪያ ስስ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሱቅ የላትም፤ የነበረው ተዘግቷል። ስንደርስ አንድ ነጭ መኪና ደወሉን እያቃጨለ መጣና አደባባዩ ላይ ቆመ። የዳቦ መኪና ነው። ከየበሩ ሰው ብቅ ብቅ አለ፣ ተሰለፈ፣ አወራ። መኪናው ባይመጣ ሳምንቱን ሙሉ የማይተያዩ ይመስለኛል። እኛም ተሰልፈን ፕለም የሚባል ፍሬ ያለበት ሁለት ኬክ በስድስት ዩሮ ገዛን።

ከፊታችን የቆመች ወይዘሮ ኡርሱላ የምትባል ሴት ምን ፍለጋ እንደመጣን ጠየቀች። ጌታቸው በጀርመንኛ አስረዳት።

"የጀልበኛው ቤት!" አለችና ዳቦዋን እንደያዘች ይዛን ሄደች።

ቤቱ የመጨረሻው፣ ውሃው አፍ ላይ ያለው ነው። አሁን የበጋ እንግዶች ይከራዩታል። ጀልባውም ድልድይ ሲሠራ ቀርቷል። በማዕዘኑ ድንጋይ ላይ መስመሮች ተቀርጸዋል፤ አንዱ ጉልበቴ ጋ፣ አንዱ ደረቴ ጋ፣ አንዱ ከራሴ በላይ። የልጆች ቁመት የለኩበት መስሎኝ፣ "ይቺኛዋስ ረጅም ነበረች" አልኩ። ጌታቸው ሳቀብኝ። ለካ ጎርፍ ነው። ወንዙ ሞልቶ መንደሩ ውስጥ በገባ ቁጥር ውሃው የደረሰበትን ይቀርጹታል።

ያን ጊዜ ሚስ ሂልዳ ገላቸውን ሳጥባቸው የሚያወሩኝ ትዝ አለኝ። ውሃ ሲመጣ አልጋና ድስቱን ወደ ፎቅ ያወጡ ነበር። ጎረቤታቸው ፎቅ ስላልነበረው የጎረቤት ልጅ እነሱ ዘንድ ታድር ነበር፤ አንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈው ሲተኙ አባታቸው በመስኮት በኩል በጀልባ ይገቡ ነበር። ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቃሉ። ተረት እያወሩኝ ይመስለኝ ነበር። መስኮቱን ቀና ብዬ አየሁት፤ ከላይኛው መስመር ብዙም አይርቅም።

ዓርብ ከሰዓት

ወይዘሮ ኡርሱላ ዳቦዋን አስቀምጣ፣ አረንጓዴ የውሃ ማጠጫዋን ይዛ ወደ መቃብሩ አብራን መጣች። የባሏን አበባ ታጠጣለች። መቃብሩ እንደ ጓሮ አትክልት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይኮተኩታል። ካርታዬን ዘረጋሁ። በር፣ አጥር፣ አንደኛ ዛፍ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

ከሦስተኛው ዛፍ ሥር አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ቆሟል። ማርታ ይላል፤ ከሥሩ የአባት ስም አለ። የሚስ ሂልዳ እናት ስም ምንም ቢሆን፣ ይህን ያህል አዲስ ድንጋይ ሊኖራቸው አይችልም።

"ተሳስተናል" አልኩ።

ወይዘሮ ኡርሱላ ካርታውን አየች። አልተሳሳትንም። በጀርመን የመቃብር ቦታ የሚሰጠው ለተወሰነ ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ዘመድ ካላሳደሰው ድንጋዩ ይነሳል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። የጀልበኛው ሚስት ቦታ ብዙ ዘመን ባዶ ሣር ሆኖ ቆይቶ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እኚህ ማርታ ተቀበሩበት።

ጌታቸው ሲተረጉምልኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "የሞተ ሰው ያስለቅቃሉ? ሞርስ ሮድ ላይ ያለ አፓርታማ ነው እንዴ፣ ሊዝህ አለቀ ውጣ የሚባለው?"

"እትዬ፣ ቀስ በይ" አለኝ። "እዚህ ሁሉም የሚያውቀው ነው።"

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቃለሁ። እሳቸውን ይመለከታል ብዬ ግን አላሰብኩም።"

ወይዘሮ ኡርሱላ መናደዴን አይታ አንድ ነገር ጨመረች። "ቦታውን ማርታ ራሷ ናት በሕይወት እያለች የመረጠችው። ከባሏ ጎን ቦታ ነበራት፣ እምቢ አለች። ለምን እንደሆነ ለልጆቿም አልነገረችም። እኔ በጋብቻ የመጣሁ ነኝ፣ እዚህ ከገባሁ ገና አርባ ዓመቴ ነው፣ የድሮውን አላውቅም።"

ሻማውን ከካልሲው ፈታሁት። እጄ እምቢ አለ። ጌታቸው ኦርቶዶክስ ነው፤ ተቀበለኝ፣ አማተበ፣ ለኮሰው፣ ከአበባው መሐል አስቀመጠው። ያኔ አለቀስኩ። ለማላውቃት ሴት፣ ለዚያውም እዚያ ለሌለች ሴት፣ ኦሃዮ ሆና የምትጠብቅ ልጇን እያሰብኩ አለቀስኩ።

ሻማውንና አበባውን ብቻ አስገብቼ፣ ስሙን ቆርጬ ፎቶ አነሳሁ። ጌታቸው ከኋላዬ ሆኖ ሁሉንም አነሳ።

"አትንገሪያቸው" አለኝ ስንወጣ። "ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ሻማው በርቷል፣ በቃ።"

አገራችን ውስጥ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም፤ ይደበቃል፣ ጊዜና ሰው ይመረጥለታል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ኮል ሳደርግላቸው ኮሎምበስ ገና ቀን ነበር። "በርቷል?" አሉኝ። "በጣም አምሮ በርቷል" አልኩና ያንኑ ፎቶ ላክሁላቸው። "ዛፉ አለ?" አሉኝ። "አለ።" "ጥሩ" ብለው ዘጉ። የቀረውን ሳምንት ጌታቸው ጋ ሳሳልፍ ውሸቴ ከሐሳቤ አልወጣም።

ኮሎምበስ፣ መልስ

በተመለስኩ ማግስት ለእትዬ ብዙነሽ ነገርኳቸው። የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው፤ ካናል ዊንቸስተር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

"መዋሸትሽ ጥሩ አይደለም" አሉኝ። "ብቻሽን ሄደሽ መንገርሽም ጥሩ አይደለም። መርዶ እንደ መርዶ ይነገር። በጠዋት እንሄዳለን።"

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ፣ እትዬ ብዙነሽና ሊዲያ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ንፍሮ ይዘን የሚስ ሂልዳን በር አንኳኳን። በካፖርታ ሆነው ከፈቱና ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን።

"ማን ሞተ?" አሉ።

ሶፋው ላይ አስቀምጠናቸው እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። መቃብሩ እንደሌለ፣ ድንጋዩ እንደተነሳ፣ ፎቶውን ቆርጬ እንደዋሸኋቸው። እትዬ ብዙነሽ ሊያቅፏቸው ተዘጋጅተው ነበር።

ሚስ ሂልዳ ሳቁ። "አስቴር፣ እኔ እኮ ጀርመን ነኝ። የመቃብሩ ጊዜ አልቋል የሚለው ደብዳቤ የደረሰኝ ያን ጊዜውኑ ነው። ውሃ የሚያጠጣ ስለሌላት ተውኩት። ስም ሳልጽፍልሽ ቦታውን ብቻ የሳልኩልሽ ለምን መሰለሽ?"

እፎይ ብዬ እኔም ሳቅኩ። ሳምንት ሙሉ የተሸከምኩት ሐዘን የራሴ ብቻ ነበር ለካ። ልቤ ቀለል ሲል፣ አሁን ምን እደብቃለሁ ብዬ ጌታቸው አንስቶ የላከልኝን ሙሉ ፎቶ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

ሳቃቸው ቆመ።

"ማርታ" አሉ። "ማርታ ሞታለች?"

ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ውሃ ሲመጣ እኛ ዘንድ የምታድረው ልጅ" አሉ። "ደብዳቤ ማቋረጧን እርጅና ነው ብዬ ነበር።"

እትዬ ብዙነሽ ትርጉም አላስፈለጋቸውም፤ ተነስተው አቀፏቸው። ሚስ ሂልዳም ትከሻቸው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ወይዘሮ ኡርሱላ ያለችውን አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ማርታ ከባሏ ጎን ያለውን ቦታ እምቢ ማለቷን፣ ይህን የእናታቸውን ቦታ ራሷ መምረጧን፣ ለምን እንደሆነ ለልጆቿም አለመናገሯን። ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ጨለማ ትፈራ ነበር" አሉ። "እናቴ በግድግዳው በኩል ታስተኛትና ራሷ ከዳር ትተኛ ነበር።"

ስለ መንገዱ፣ ስለ ወንዙና ስለ ኬኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በደስታ አወራለሁ፤ ቆንጆ ጉዞ ነበር። የተማርኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰውን የሚያሳዝነው የትኛው እንደሆነ እኔ ገምቼ፣ እኔው ልደብቅለት እኔው ልገልጥለት እንደማልችል። እትዬ ብዙነሽ ንፍሮውን በሳህን አደሉን። ሚስ ሂልዳ አንድ እፍኝ ወስደው ቀመሱ፣ ጨው ያንሰዋል አሉ። ከዚያ እኔ ቆሜ መቅረቴን አይተው ሶፋው ላይ ወደ ዳር ጠጋ አሉና በግድግዳው በኩል ቦታ ለቀቁልኝ።