የኢሶኪቺ ጣቶች

በእኛ ተራራ ሐዲዱ አንድ ነው። ከወንዙ የሚወጣውና ከዋሻው የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉት ኩሩሚዛዋ ጣቢያ ላይ ብቻ ነበር። ነጂው የመንገዱ ፈቃድ የሆነው፣ መዳፍ የሚያህል የናስ ሳህን ካልተሰጠው ንቅንቅ አይልም። የዋሻው መንገድ ሳህን መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፤ የወንዙ ደግሞ ሦስት ማዕዘን። የተሳሳተ ሳህን ይዞ የወጣ ባቡር ፊት ለፊት ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም።

ሳህኖቹን ከአንዱ ነጂ ተቀብሎ ለሌላው የሚያቀብለው የጣቢያው አለቃ ኢሶኪቺ ካኔዛኪ ነበር። በደንቡ መሠረት ከመስጠቱ በፊት በጣቱ ይጠቁምና “ክብ! ልክ ነው!” ብሎ ይጮኻል። ያ ድምፅ እየቀሰቀሰኝ ነው ያደግሁት።

ዓይኑ እየደከመ መሄዱን የምታውቀው ሚስቱ ፉሳኤ ብቻ ነበረች። ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ይዳብስና ያየ ይመስል ይጠቁማል። ኋላ ፉሳኤ እንደነገረችኝ፣ ማታ ማታ ይጨቃጨቁ ነበር።

“አንተ ሰውዬ፣ ተናገር እንጂ! ሰው ልትጨርስ ነው?”

“ብናገር ሌላ ሰው የሚልኩ መሰለሽ? ጣቢያውን ነው የሚዘጉት። መንደሩ በምን ሊወርድ ነው?”

በረዶው በጠናበት ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ በዋሻው በኩል በሚሄደው ባቡር ተሳፍሬ ነበር። ኢሶኪቺ ሁለቱን ሳህኖች ተቀብሎ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ሲያስገባ በመስኮት አየሁት። ደጋግሞ ዳበሰ። አውራ ጣቱ ላይ እፍ አለበት፣ ብብቱ ውስጥ ከተተው፤ ጣቱ በድኖ ነበር።

ነጂያችን ሙራጂ አንገቱን አውጥቶ፣ “አለቃ! ሳህኑን እያሞቁልኝ ነው? እኛ እኮ በረዶ ሆነን ቀረን!” አለ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ኢሶኪቺ አንዱን ሳህን ዘረጋለት። ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ሙራጂ ሳህኑን ቢጎትትም እሱ አልለቀቀም።

“ይልቀቁት እንጂ፣ አለቃ!”

“ቀዳዳው ምን ዓይነት ነው?”

“ምን ማለትዎ ነው?”

“አይታየኝም። አንተ እይና ንገረኝ።”

ሙራጂ ጎንበስ ብሎ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። “ሦስት ማዕዘን ነው።”

“እንግዲያው ያንተ አይደለም።” ሌላውን ሰጠው። “አሁን አንተ ጥራው።”

“ክብ! ልክ ነው!” ሙራጂ በጣቱ ጠቁሞ ጮኸ።

ሙራጂ ነገሩን ለአለቆቹ አስታወቀ፤ ማስታወቅም ነበረበት። በረዶው ሳይቀልጥ ጣቢያው ተዘጋ። በመንደሩ ኢሶኪቺን ሰላምታ የነፈጉት ብዙ ናቸው። “አፉን ይዞ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?” ይላሉ።

እኔ ግን እዚያ ባቡር ውስጥ ነበርኩ።