የአዴ ጫልቱ አቮካዶ ልጅ

ደራ ላይ አጥር የምንጋራቸው የአዴ ጫልቱ አቮካዶ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። የእሳቸው ቅቤ በሉት! የኔ ዛፍ የሚሰጠኝ ግን ትልቅ የውስጥ ፍሬና ቆዳ ብቻ ነው፤ ሥጋ የለውም።

ቅናቱ ሲብስብኝ፣ ከላኩልኝ አቮካዶ አንዱን በልቼ ፍሬውን ተከልኩ። ስንት ዓመት ውሃ ሳጠጣው ኖሬ ዘንድሮ አፈራ። ስቆርጠው እንደ ድሮው ዛፌ ያው ትልቅ ፍሬ፣ ያው ቆዳ!

ደሜ ፈልቶ ይዤው ሄድኩ።

«አዴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምን አድርገውበት ነው የላኩልኝ?»

አገላብጠው አዩት። ቀጥሎ ቀና ብለው በአጥሩ ላይ ወደ እሳቸው ግቢ የተንጠለጠለውን የኔን የድሮ ዛፍ አዩ።

«ምን ላድርግበት ልጄ? ንቡ ካንተ አበባ ወደኔ አበባ ሲመላለስ ነው የሚውለው። እናቱስ የኔዋ ናት፤ በአባቱ ወጥቶብህ ነው!»