«ደህና ነው» ያልኩት መስመር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር፣ ይቺን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ያ ሰው እኔ ነኝ።

የምሠራው ሰንጋ ተራ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። የሕመምተኞች መዝገብ ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ስቶሬጅ የምንለው ሣጥን አለን። ከሰርቨሩ፣ ከዋናው ኮምፒውተራችን ጋር የሚገናኘው በሁለት ገመድ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይሠራል።

አለቃዬ ጋሽ ግርማ ነበሩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ግንኙነቱ እየተቆራረጠ ክሊኒኩ ሲታመስ፣ ችግሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የጠረጠርኩትን ገመድ ነቅዬ በደህናው ገመድ ቦታ ላይ ሰካሁት፤ ችግሩ ገመዱን ተከትሎ ሄደ። ጥፋቱ የገመዱ ነው ማለት ነው፤ ጨርሶ ስላልሞተ ሥራው ወደ ሌላው ገመድ አልዞረም ነበር። ጋሽ ግርማ ግን ስብሰባ ላይ «እኔ አገኘሁት» ብለው አወሩ። ስለ እኔ ሲጠየቁም፣ «እሷ ገመድ ታቀብለኛለች» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሬ ላይ ማስጠንቀቂያ መጣ። ሄጄ ከሣጥኑ ጀርባ አየሁ። የታችኛው ገመድ የሚሰካባት ትንሽ ዕቃ ተቃጥላለች፤ መስመሩ ሞቷል። መለዋወጫዋ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ማስጠንቀቂያውን «ታይቷል» ብዬ ዘጋሁት።

ጋሽ ግርማ እንግዳ ሲመጣ የሚወዱት ትርኢት አላቸው። የላይኛውን ገመድ ይነቅሉና «አያችሁ፣ ምንም አይሆንም» ይላሉ። እኔ የጠበቅኩት ያንን ቀን ነው። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። አዲስ የተሾሙት ሥራ አስኪያጅ ክፍላችንን ሊጎበኙ በመጡ ቀን፣ ጋሽ ግርማ አስቀድመው ጠሩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጎንበስ ብሎ ማየትም ይከብዳቸዋል።

«ሁለቱም መስመር ደህና ነው አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

ነቀሉት። ካርድ ክፍሉ ቆመ፣ ላቦራቶሪው ቆመ። ገመዱን መልሰው ቢሰኩትም መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ መሀል ላይ ተቋርጦ ተበላሽቶ ስለነበር እስኪጠገን ሰዓታት ፈጀ። ኮሪደር ላይ ልጇን ታቅፋ ውጤት የምትጠብቅ እናት አየሁ፤ አየኋትና ፊቴን አዞርኩ። የጋሽ ግርማ ፊት ግን ዐመድ ሲመስል አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ከሰዓት ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቀመጠ። እኔ ክህደቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ «ጋሽ ግርማ አልጠየቁኝም፣ እኔም ደህና ነው አላልኩም» ልል። እሳቸው ግን «ሳላረጋግጥ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ስሜን አልጠሩም። ከኃላፊነታቸው ተነሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ለቀቁ። ወንበራቸው ለእኔ ተሰጠ። ምስኪን፣ ምንም አልገባቸውም ብዬ ናቅኳቸው።

ጠረጴዛቸውን ሳጸዳ አንድ የታተመ ወረቀት አገኘሁ። ማን መቼ ምን እንደነካ ስቶሬጁ ራሱ የሚጽፈው ዝርዝር ነው። ማስጠንቀቂያው የተዘጋበት ቦታ ላይ፣ ከስሜ ሥር፣ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ወረቀቱ የታተመው ኮሚቴው በተቀመጠበት ቀን ጠዋት ነው።

ሰውዬው አውቀዋል። ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ፈልገው አግኝተዋል፤ አግኝተውም ዝም ብለዋል። ለምን? ያቺን «ገመድ ታቀብለኛለች» ያሉባትን የስብሰባ ቀን አስታውሰው ይሆን? አዝነውልኝ ይሆን? እኔ ግን የተሰማኝን ልናገር፤ ተናደድኩ። በቀሌን ከእጄ ነጠቁኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ጋሽ ግርማ የሚኖሩት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው፤ ከቢሮዬ በእግር ይደረሳል። አንድም ቀን አልሄድኩም። ልጅ ነበርኩ፣ ተበድዬ ነበር ብዬ አላመካኝም። ጠየቁኝ፤ እያወቅኩ ዋሸሁ። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም። ምሕረት ከሆነ፣ እሳቸው ሳልጠይቃቸው ምረውኛል። እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኳቸው እኔ ነኝ።