ልጃቸውን «ሰነፍ ናት» ያሉት አባት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ፎል ላይ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ኦክላንድ ጋሽ ግርማ ቤት ነው። ዛሬም ሳስታውሰው መጀመሪያ ክው እላለሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ቀን የአንዲት ልጅ ዕድል ዓይኔ እያየ በገዛ ወላጆቿ አፍ ሊበላሽ ነበር፤ ለጥቂት ተረፈ።

እኔ ሳን ሆዜ ነው የምኖረው። ሆስፒታል ውስጥ ለምርመራ ደም እቀዳለሁ፤ ከስፖርት ጋር ምንም አያገናኘኝም ነበር። ትልቁ ልጄ በእግር ኳስ ስኮላርሺፕ ኮሌጅ ሲገባ ግን መንገዱን እየወደቅኩ እየተነሳሁ ተማርኩት። ለአሰልጣኞች ኢሜል መጻፍ አለ፣ ቪዲዮ መላክ አለ፣ መልስ ሲጠፋ ሳያፍሩ እንደገና መጻፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ልጁ የሚሮጥ ወይ ኳስ የሚጫወት አበሻ ሁሉ ኮል ያደርግልኛል። እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም። ባለቤቴ «ኮች» እያለ ይቀልድብኛል።

የጋሽ ግርማን ልጅ ሶስናን ያወቅኋት በዚሁ ነው። አገር አቋራጭ ሯጭ ናት፤ ዝምተኛ። አማርኛ ጥንቅቅ አድርጋ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባቷ ታክሲ ይነዳሉ፣ እናቷ እትዬ አልማዝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ። ያለ ስኮላርሺፕ ሶስና የምትመኘው ኮሌጅ የምትገባበት መንገድ አልነበረም። ይህን ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

ያን ሁሉ ኢሜል ከላክን በኋላ ኦሪገን ካለ ኮሌጅ አንዲት አሰልጣኝ ቤታቸው ድረስ መጥታ የሶስናን ወላጆች ማነጋገር እንደምትፈልግ ጻፈችልን። ሙሉ ስኮላርሺፕ የምትሰጥበት አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷታል። በማግስቱ ፍሪሞንት ያለች ሌላ ሯጭ ቤት እንደምትሄድም አልደበቀችኝም።

ሶስናን ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ላይ ይዣት ሰነበትኩ። ዓይን ዓይኗን እያየሽ አውሪ፣ ለምን እንደምትሮጪ ከልብሽ ንገሪያት እያልኩ ልጅቷን አሰለቸኋት። ለጋሽ ግርማ የነገርኳቸው ስለ ገንዘብ እንዳያነሱ ብቻ ነው። የገዛ ልጃቸው ናት፣ ስለ እሷ ምን ይጠፋቸዋል ብዬ!

አሰልጣኟ ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። ረጅም፣ ፊቷ ሳቂታ የሆነ ሴት ናት። ምግብ ቀረበ፣ ትንሽ ጨምሪ ተባለች፣ ጨመረች፤ አፈር ስሆን ተባለች፣ ደግማ ጨመረች። እኔ ነገሩ ሰምሯል ብዬ ተዝናንቼ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ወደ ጋሽ ግርማ ዞራ፣ እስቲ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ አለቻቸው።

ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንግሊዝኛቸው ተሳፋሪ ያስተማራቸው ነው፣ ለመግባባት ይበቃል።

«ሶስና ሰነፍ ናት» አሉ። «እንቅልፍ ትወዳለች። ሩጫውም ገና ነው፤ ብዙ ይቀራታል።»

አሰልጣኟ የቀለዱ መስሏት ፈገግ አለች። ጋሽ ግርማ ግን ፈገግ አላሉም። ወደ እትዬ አልማዝ ዞረች፤ እሳቸው ደግሞ ከባሌ አላንስም ያሉ ይመስል ክፍሏን እንደማታጸዳ፣ የበላችበትን ሳህን እንደማታጥብ፣ ስልኳ ላይ አፍጥጣ እንደምትውል ዘረዘሩላት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ እኔ ገብቶኛል። በእኛ ወግ የገዛ ልጅን እንግዳ ፊት ማሞገስ ነውር ነው። ዓይንም አለ። ልጅህን ሰው ያመሰግንልሃል እንጂ አንተ አታመሰግንም። አንተ «ሰነፍ ናት» ትላለህ፣ እንግዳው «ኧረ ጎበዝ ልጅ ናት!» ይላል፣ አንተም «ምኑን» ብለህ በሆድህ ደስ ይልሃል። ይቺ ሴትዮ ግን የእንግዳውን ድርሻ ማን ያስተምራት? እውነት መስሏት ራሷን ነቀነቀች።

ጣልቃ ገብቼ ትሕትና ነው፣ ባህላችን ነው አልኳት። «አይ አንደርስታንድ» አለችኝ፣ ይገባኛል ማለቷ ነው፤ ድምፅዋ ግን ለዘመድ ጥብቅና የቆመ ሰው የምታባብል ዓይነት ነበር። ያሳዘነችኝ ደግሞ ሶስና ናት። አማርኛውን ታውቃለች እንጂ ወጉን ማን ነግሯት? አባቷ የምራቸውን መስሏታል። «ዳድ፣ ሪሊ?» አለች ቀስ ብላ፣ የምርህን ነው እንደ ማለት። ከዚያ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

አሰልጣኟ ሰዓቷን አየች፣ ስለ ምግቡ አመሰገነች፣ በስልክ እንገናኛለን ብላ ተነሳች። «እንገናኛለን» ከአሰልጣኝ አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። በሆዴ፣ አለቀ፣ ቦታው ለፍሪሞንቷ ልጅ ሄደ አልኩ።

እንግዳ ደግሞ መኪናው ድረስ ሳይሸኝ አይሄድም። ሁላችንም ተከትለናት ወረድን። የጋሽ ግርማ ታክሲ የሴትዮዋ መኪና አጠገብ ነው የቆመው። መንገድ ላይ ውሃ ይጠማታል አሉና ለተሳፋሪ የሚይዙትን የታሸገ ውሃ ሊያወጡላት የታክሲውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፈቱ። ውሃውን ሳብ ሲያደርጉት ከጎኑ የነበረ ትልቅ ጥቁር ፌስታል አብሮ ተሳበና ቅድድ አለ። ጫማ አስፋልቱ ላይ ዝርግፍ አለ።

ሁሉም የመሮጫ ጫማ ነው። ሶላቸው ያለቀ፣ አፍንጫቸው የተቀደደ፣ ክራቸው የተበጠሰ። ከመሃላቸው አንድ ጥንድ ትንንሽ ወይን ጠጅ ጫማ ነበር፣ ሶስና ገና ልጅ ሆና፣ ሚድል ስኩል እያለች ያደረገችው። ሶስና ክው ብላ ቀረች። ለካ ጋሽ ግርማ ጫማ ባለቀ ቁጥር ለተቸገረ ሰጠሁት ነበር የሚሏት።

አሰልጣኟ ጎንበስ ብላ ወይን ጠጁን አነሳችና ይሄ ምንድን ነው አለች። ጋሽ ግርማ አፈሩ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋባቸውና በአማርኛ ለእኔ መለሱልኝ።

«ሔለኔ፣ ስንት ጠዋት የሮጠችበትን እንዴት ብዬ ቆሻሻ ውስጥ ልጣለው? አልማዝ ቤት አላስገባ ብላኝ ነው እዚህ ያደረግሁት።»

ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ቅድም የነገርኳትን ወግ ደግሞ እንደገና አስረዳኋት። አሁን ግን ጫማውን እንደያዘች አዳመጠችኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ግርማ ቀረብ ብላ፣ «እስቲ ደግሜ ልጠይቅዎ። ሶስና ሰነፍ ናት?» አለቻቸው።

ጋሽ ግርማ መሬት መሬት አዩ። ለእሳቸው ከባድ ጥያቄ ነበር፣ እውነቴን ነው።

«ኖ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጎበዝ ናት። በጣም ጎበዝ ልጅ ናት።»

ሶስና አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እትዬ አልማዝም ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ይህችን አልተረጎምኩም፣ አሰልጣኟም ተርጉሚልኝ አላለችኝም። ጎንበስ ብላ የቀሩትን ጫማዎች ለቀመችላቸው።

ስልኩ የመጣው በሳምንቱ ነው። ሥራ ላይ ምሳዬን እየበላሁ ሶስና ኮል አደረገችልኝ። «አንቲ ሔለን፣ አገኘሁት» አለች፤ ያውም በአማርኛ። እፎይ! ያን ሳምንት ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር የት እንደገባ አላውቅም። ምሳዬን ትቼ ፓርኪንግ ሎት ወጥቼ እልል ብል ጥበቃው ምን ሆነሽ ብሎ እየሮጠ መጣ።

አሁን ከልጆቹ በፊት ወላጆቹን ነው የማዘጋጀው። «ልጄ ጎበዝ ነው» በሉ ብዬ ፊቴ አስቀምጬ አለማምዳቸዋለሁ። ካምቤል ከተማ የሚኖሩ አንድ አባት ይቺን ለማለት ላባቸውን ሲጠርጉ ነው ያመሹት። ስቄባቸው ስመለስ ግን እኔስ ለልጄ መቼ ብዬው አውቃለሁ አልኩና ደውዬ ጎበዝ ነህ አልኩት። «ማም፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ።

ባለፈው ወር ጋሽ ግርማ ደወሉልኝ። ሶስና ከኦሪገን ጥቅል ልካላቸው ኖሯል። ሲከፍቱት በመጀመሪያው የውድድር ወቅት ሮጣበት ያለቀ ጫማ ነው፣ ጭቃው እንኳ አልተራገፈም።

«አየሽልኝ ስንፍናዋን?» አሉኝ። «አጥባ እንኳ አትልክም!»

ድምፃቸው ግን ይስቅ ነበር። ታዲያ ጣሉት ወይ ብዬ ነገር ፈለግኳቸው።

«ምን ነካሽ!» አሉ። «ከታክሲው ውሃውን አውጥቼ ቦታ አመቻቸሁለት እንጂ።»